የእንግሊዝኛው «ቱ» እና የአማርኛው «በጣም»፤ ስለ አንድ የመጠን ተውሳከ ግሥ ትርጉምና አጠቃቀም

መግቢያ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የነገሮችን መጠን ለመግለጽ ከሚያገለግሉት ተውሳከ ግሦች መካከል «ቱ» የተባለው ቃል ዘወትር ከሚነገሩትና ከሚጻፉት አንዱ ነው። አጻጻፉ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ ይኸውም «ቲ» እና ድርብ «ኦ»። ተማሪው ቃሉን ገና በዝቅተኛ ክፍል ሳለ ያገኘዋል። ትርጉሙን ሲጠይቅም ብዙውን ጊዜ «በጣም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ነገር ግን «ቬሪ» የተባለውን ቃል ሲማር የተነገረው ትርጉም ይኸው «በጣም» ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በአእምሮው ውስጥ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዱም «ቱ» ማለት ከ«ቬሪ» የበረታ «በጣም» ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል።

የዚህ አተረጓጐም ጉዳት በሁለት አቅጣጫ ይታያል። በመጻፍ ረገድ፣ እናቱን ሊያመሰግን የፈለገ ተማሪ «ማይ መዘር ኢዝ ቱ ካይንድ» ብሎ ይጽፋል። ሐሳቡ «እናቴ በጣም ደግ ናት» ለማለት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ከተለመደው አገባቡ ሳያወጣ የሚያነብ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚረዳው ግን የእናቲቱ ደግነት ልክ ያለፈና ችግር የሚያስከትል መሆኑን ነው። ምስጋናው ወደ ነቀፌታ ተለወጠ ማለት ነው። በማንበብ ረገድ ደግሞ ጉዳቱ ይበልጥ የተሰወረ ነው። ተማሪው በሳይንስ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር «ቱ ስሞል ተ ቢ ሲን» መሆኑን ሲያነብ «ለመታየት በጣም ትንሽ ነው» ብሎ ይተረጉምና ነገሩ ትንሽ ሆኖ የሚታይ ይመስለዋል። የመጽሐፉ ቃል ግን ፈጽሞ አይታይም ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገሩበት ክፍል ቢለያይም፣ ተማሪው ባዮሎጂውንም ሆነ ኬሚስትሪውን በዚህ ቋንቋ መረዳት የሚገደድበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። በመሆኑም የአንድ ትንሽ ቃል ትርጉም መሳት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ጉድለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ትክክለኛ ፍች መግለጽ፣ ከአማርኛ ጋር ያለውን ዝምድናና ልዩነት ማሳየት፣ እንዲሁም በክፍል ውስጥ ሊሠራበት የሚችል የማስተማሪያ መንገድ ማመልከት ነው።

የቃሉ አመጣጥ

በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው፣ በአጻጻፍ ግን የሚለያዩ ሦስት ቃላት አሉ። አንደኛው በአንድ «ኦ» የሚጻፈውና «ወደ» ወይም «ለ» የሚል ትርጉም ያለው መስተዋድድ ነው። ሁለተኛው ቊጥር ሁለትን ያመለክታል። ሦስተኛው በድርብ «ኦ» የሚጻፈውና እዚህ የሚብራራው ነው። መስተዋድዱ በንግግር መካከል ሲገባ ድምፁ ስለሚላላ «ተ» ወደሚል ይጠጋል፤ ባለ ድርብ «ኦ»ው ግን ምንጊዜም ሙሉ ድምፁን ይዞ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም መስተዋድዱ «ተ»፣ የመጠን ተውሳከ ግሡ «ቱ» እየተባለ ተጽፏል።

ሁለቱ ቃላት ከመነሻው አንድ ነበሩ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የነበረው አንድ ቃል በአነጋገር ሲላላ መስተዋድድ፣ ጠብቆ ሲነገር ተውሳከ ግሥ ሆነ። በአጻጻፍ መለየት የጀመሩትም ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። «ቬሪ» በአንጻሩ ከፈረንሳይኛ የገባና ሥሩ «እውነተኛ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ አንድን ነገር ሲያጠነክር «በእውነት ከባድ ነው» እንደሚለው ያለ ነው። የሁለቱ ቃላት የዘር ልዩነት ዛሬ ላላቸው የትርጉም ልዩነት ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል። አንዱ የነገሩን ባሕርይ ያጸናል፤ ሌላው ነገሩ ወደ አንድ ወሰን ሄዶ ወሰኑን ማለፉን ያመለክታል።

መጠንና ወሰን

«ቬሪ» የሚናገረው ስለ መጠን ብቻ ነው። ውኃው «ቬሪ ሆት» ነው ሲባል ሙቀቱ ከፍተኛ መሆኑ ተገለጸ፤ ለምን ተግባር እንደሚውል ግን አልተነገረም። «ቱ» ግን ሁልጊዜ ሁለት ነገሮችን ያስተያያል፤ የነገሩን መጠንና አንድ የተፈለገ ተግባር የሚፈቅደውን ወሰን። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ ገላን ስለሚያቃጥል ለመታጠቢያ «ቱ ሆት» ነው። ያው ውኃ ሻይ ለማፍላት ሲታሰብ ገና አልበቃም። የውኃው ሙቀት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተግባሩና ከተግባሩ ጋር የሚሄደው ወሰን ነው።

ከዚህ የተነሣ «ቱ» የ«ቬሪ» ታላቅ ወንድም አለመሆኑን ማሳየት ቀላል ነው። የራስ ዳሸን ተራራ ከፍታ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ «ቬሪ ሃይ» ሊባል ይገባል። ለመውጣት ግን «ቱ ሃይ» አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ከጫፉ ይደርሳሉና። በተቃራኒው አውቶቡሱ ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ቢሆንና መንገደኛው 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ቢደርስ፣ ሁለት ደቂቃ መዘግየት «ቬሪ ሌት» አያሰኝም። አውቶቡሱ ሄዷልና ግን «ቱ ሌት» ነው። እንግዲህ አንድ ነገር «ቬሪ» ሆኖ «ቱ» ላይሆን፣ «ቱ» ሆኖም «ቬሪ» ላይሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት የቋንቋው ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል። «ቱ» ከወሰን ማለፍን የሚያመለክት በመሆኑ የታለፈውን ያህል መለካት ይቻላል። ስለሆነም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቱ ሚኒትስ ቱ ሌት» ሲሉ ሁለት ደቂቃ ማለፉን፣ «ኤ ሊትል ቱ ሎንግ» ሲሉ በጥቂቱ መርዘሙን ይገልጻሉ። በ«ቱ» ምትክ «ቬሪ» ቢገባ ግን ሁለቱም አነጋገሮች ይፈርሳሉ።

ወሰኑ የላይኛው ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። «ቱ ስሞል»፣ «ቱ ፊው»፣ «ቱ ሊትል» በሚባልበት ጊዜ ነገሩ ከሚፈለገው በታች ወርዷል። በዚህ ምክንያት «ከመጠን በላይ» የሚለው ትርጉም ምንም እንኳ ከ«በጣም» የተሻለ ቢሆን በሁሉም ቦታ አይስማማም። አሥር ወንበር በሚያስፈልግበት ክፍል ሰባት ብቻ ቢገኝ «ወንበሩ አነሰ» ወይም «አልበቃ አለ» ይባላል እንጂ «ከመጠን በላይ ጥቂት ነው» አይባልም።

አማርኛ ይህን ሐሳብ እንዴት ይገልጻል?

አማርኛ ለ«ቱ» ተመጣጣኝ የሆነ አንድ ነጠላ ቃል ስለሌለው ሐሳቡም የሌለው የሚመስላቸው አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። አማርኛ ሐሳቡን የሚገልጸው በተለየ ቃል ሳይሆን በግሡና በባዕድ መድረሻው ነው።

አንድ ሕፃን አዲስ ጫማ ሲለካ «በጣም ጠባብ ነው» አይልም፤ «ጠበበኝ» ይላል። «ጠባብ ነው» የሚለው ስለ ጫማው ብቻ ይናገራል። «ጠበበኝ» የሚለው ግን ጫማውን ከእግሩ ጋር አስተያይቶ አለመስማማቱን ያስታውቃል። በመድረሻው ላይ ያለው «ኝ» እንግሊዝኛው «ፎር ሚ» ብሎ የሚገልጸውን ይዞ ይገኛል፤ ስለዚህ «ጠበበኝ» የሚለው አንድ ቃል «ኢት ኢዝ ቱ ታይት ፎር ሚ» ከሚለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጋር ይተካከላል። «ሰፋኝ»፣ «አጠረኝ»፣ «ከበደኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ «ብኝ»፣ «በት»፣ «ባት»፣ «ብን» የሚሉት መድረሻዎች ናቸው። ወጥ ተቀምሶ «ጨው በዛበት» ሲባል ጨው ብዙ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ወጡ ከሚሸከመው በላይ መሆኑ ተነግሯል። ገበያተኛው «ዋጋው ተወደደብኝ» ሲል ከዐቅሙ በላይ መሆኑን መግለጹ ነው። መንገደኞችም «መሸብን» ሲሉ ካሰቡበት ሳይደርሱ ጊዜው አለፈ ማለታቸው ነው። እነዚህ ሁሉ «በጣም» የሚለውን ቃል ሳይጠሩ የ«ቱ»ን ትርጉም ያደርሳሉ።

እርግጥ ነው፣ ይህን መድረሻ የያዘ ግሥ ሁሉ ወሰን ማለፍን አያመለክትም። «በረደኝ» ወይም «ጣፈጠኝ» ስሜትን ብቻ ሊገልጹ ይችላሉ። መምህሩ ስለዚህ እንደ «ጠበበኝ» እና «በዛበት» ያሉትን አለመስማማትን በግልጽ የሚያሳዩ ቃላት መርጦ ቢነሣ ተማሪው የሚያውቀውን ሐሳብ በአዲስ ልብስ ያገኘዋል። አዲስ ሐሳብ ከማስጨበጥ ይልቅ ለታወቀ ሐሳብ አዲስ ቃል መስጠት ይቀላል።

የተሰወረው አፍራሽ

«ቱ» ብዙ ጊዜ ከቅጽል በፊት ይገባና ከቅጽሉ በኋላ ንኡስ አንቀጽ ያስከትላል። ምሳሌ፦ «ዘ ቦክስ ኢዝ ቱ ሄቪ ተ ካሪ»። የዚህ ዐረፍተ ነገር ፍች «ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሣ ሊሸከሙት አይቻልም» ማለት ነው። በአማርኛው ውስጥ «አይቻልም» የሚል አፍራሽ በግልጽ ተነግሯል። በእንግሊዝኛው ግን አፍራሽ ቃል ከቶ አይታይም፤ «ኖት» የሚለው የለም። አፍራሹ በ«ቱ» ውስጥ ተሰውሯል። የብዙ ተማሪዎች የንባብ ስሕተት ከዚህ ይመነጫል። አፍራሽ ቃል ስላላዩ ነገሩ የሚሆን ይመስላቸዋል።

በ«ቱ» ፊት «ኖት» ሲገባ ደግሞ ፍቹ ይገለበጣል። ሳጥኑ «ኖት ቱ ሄቪ ተ ካሪ» ነው ከተባለ ሊሸከሙት ይቻላል። «ኖት» ከ«ቱ» በኋላ፣ ከንኡስ አንቀጹ በፊት ቢገባም ሁለቱ አፍራሾች ይጣፋሉ። «ሺ ኢዝ ቱ ክሌቨር ኖት ተ ኖቲስ» ማለት «ብልህ ናትና ሳታስተውል አትቀርም» ማለት ነው። «ሳታስተውል አትቀርም» የሚለው አማርኛ ራሱ በሁለት አፍራሽ አዎንታን ስለሚገልጽ ለማስረዳት እጅግ ይመቻል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ተውላጠ ስምን ያለቦታው መጨመር ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ልሸከመው አልቻልኩም» ሲል በግሡ መጨረሻ ያለው «ው» ሳጥኑን ያመለክታል። ተማሪው ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ አሻግሮ «ቱ ሄቪ ተ ካሪ ኢት» ይላል። በትክክለኛው አጻጻፍ «ኢት» አይገባም፤ ሳጥኑ በዐረፍተ ነገሩ መነሻ ተጠርቷልና። ይሁን እንጂ ያው ሐሳብ «ሶ» እና «ዛት» በሚሉት ቃላት ሲገለጽ፣ ማለትም «ዘ ቦክስ ኢዝ ሶ ሄቪ ዛት አይ ካኖት ካሪ ኢት» ሲባል፣ «ኖት»ም «ኢት»ም ግዴታ ይሆናሉ። አንዱን ዓይነት ወደ ሌላው የመለወጥ መልመጃ በሚሰጥበት ጊዜ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ስለሆነ መምህሩ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቃቸው ይገባል።

ከሌሎች ቃላት ጋር ያለው አገባብ

«ቱ» ከቅጽልና ከተውሳከ ግሥ በፊት በቀጥታ ይገባል። ከስም ጋር ሲሆን ግን ረዳት ያስፈልገዋል። የማይቈጠር ነገር ከሆነ «ቱ መች ወተር»፣ የሚቈጠር ከሆነ «ቱ ሜኒ ቡክስ» ይባላል። ይህን ያልለየ ተማሪ «ቱ መች ሆት» እያለ «መች»ን ከቅጽል ጋር ያጋጥማል። ትክክለኛው «ቱ ሆት» ነው። ማጠንከር ካስፈለገ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «መች ቱ ሆት» ሊባል ይችላል።

የ«ቱ» ተቃራኒና ጓደኛ «ኢነፍ» ነው፤ ትርጉሙም «የሚበቃ» ማለት ነው። ሁለቱ አንዱን ወሰን ከሁለት በኩል ያዩታል። አንድ ልጅ መደርደሪያው ላይ ካልደረሰ «ቱ ሾርት» ነው፤ ወይም «ኖት ቶል ኢነፍ» ነው። አቀማመጣቸው ግን ይለያያል። «ቱ» ከቅጽሉ ይቀድማል፤ «ኢነፍ» ቅጽሉን ይከተላል። ሁለቱን አጣምሮ ማስተማር የወሰንን ሐሳብ ያጠናክራል።

ከመደበኛው ትርጉም ውጪ የሆኑ አጠቃቀሞችም አሉ። ቃሉ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ሲገባ ብዙ ጊዜ «ደግሞ» ወይም «ም» ማለት ነው፤ «አይ ኤም ታየርድ ቱ» የሚለው «እኔም ደክሞኛል» ይሆናል። በጨዋ አነጋገር ደግሞ ስጦታ የተቀበለ ሰው «ዩ አር ቱ ካይንድ» ይላል። በዚህ ጊዜ ተቀባዩ «ከሚገባኝ በላይ አደረጉልኝ» ማለቱ ስለሆነ የወሰን ማለፍ ሐሳብ አሁንም በውስጡ አለ። እንዲህ ያሉት አነጋገሮች ዋናው ትርጉም በሚገባ ከተጨበጠ በኋላ ቢመጡ ይመረጣል።

በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ

የሰው ዐይን ያለ መሣሪያ ሊለየው የሚችለው የመጨረሻ ትንሽ ነገር በግምት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቀይ የደም ሕዋስ ስፋት 0.007 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ ሕዋሱ ለመታየት «ቱ ስሞል» ነው ሲል የሚያስተላልፈው እነዚህን ሁለት ቊጥሮች የማወዳደር ሐሳብ ነው። ማይክሮስኮፕ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ይህን የተረዳ ተማሪ ነው። «በጣም ትንሽ» ብሎ ያለፈው ግን መሣሪያው ለምቾት ብቻ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

በጤና ትምህርት ረገድ ቁም ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት መደበኛው ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዲበጠበጥ የተዘጋጀ ነው። ውኃው «ቱ ሊትል» ከሆነ በውስጡ ያለው ጨው ልክ ያልፍና መድኃኒቱ ራሱ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ያነበበ ወጣት «በጣም ጥቂት» የሚለውን ብቻ ቢይዝ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ በጣም ጥቂት ስላልሆነ ይበቃል ብሎ ሊገምት ይችላል። ማስጠንቀቂያው ግን ስለ አንድ ሊትር ወሰን ነበር። እንዲሁም በቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድ «ቱ መች» እንዳይጨመር የሚያሳስብ ቃል «ብዙ አትጨምር» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ከታዘዘው አታሳልፍ» ማለት ነው።

ለክፍል ሥራ የሚረዱ ሐሳቦች

አንደኛ፣ ትምህርቱ በተጨባጭ ነገር ቢጀመር መልካም ነው። አጭር ገመድ፣ ትንሽ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የሚበልጥ መጽሐፍ፣ የሕፃን ጫማ በማናቸውም ትምህርት ቤት ይገኛሉ። መጽሐፉ ከሣጥኑ አልገባ ሲል ተማሪዎቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምን እንደሚሉ ይጠየቁ፤ የሚሰጡት መልስም ከ«ቱ ቢግ» ጎን በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ይህ ዘዴ አማርኛ ተናጋሪ ለሆኑትም ላልሆኑትም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው «ቱ» ባየ ቊጥር «ለምን ተግባር? ለማን?» የሚል ጥያቄ እንዲያነሣ ይለማመድ። መልስ ከተገኘ «ቱ» በቦታው ነው። መልስ ካልተገኘና ሐሳቡ ማድነቅ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው «ቬሪ» ነው።

ሦስተኛ፣ የመረዳት ጥያቄ በመሆንና ባለመሆን ላይ ያተኩር። «ልጁ ትምህርት ቤት ለመሄድ ቱ ያንግ ነው» ከሚል ዐረፍተ ነገር በኋላ «ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳልን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የተሰወረውን አፍራሽ ያየና ያላየ ተማሪ ወዲያውኑ ይለያል። ቃሉን በቃል ማስተርጐም ግን ይህን አያሳይም።

አራተኛ፣ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚያዘጋጁና የሚገመግሙ ባለሙያዎች በቃላት መፍቻ ሠንጠረዦች ውስጥ «ቱ»ን በ«በጣም» ብቻ ከመፍታት ቢቈጠቡና በምትኩ አንድ አጭር ምሳሌ ከነፍቹ ቢያስገቡ ተማሪውም መምህሩም ይጠቀማሉ። በሳይንስና በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «ቱ» ያለበት መመሪያ ሲጻፍም፣ የሚቻል ከሆነ ወሰኑን በቊጥር አብሮ መግለጽ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው «ቱ» የመጠን ብርታትን የሚገልጽ ሳይሆን በመጠንና በወሰን መካከል ያለውን አለመጣጣም የሚያስታውቅ ቃል ነው። «በጣም» የሚለው ትርጉም ይህን ወሰን ስለሚያስቀር ተማሪው በጽሑፉ ያላሰበውን ነቀፌታ እንዲናገር፣ በንባቡም የተከለከለውን የተፈቀደ አድርጎ እንዲረዳ ያደርገዋል። መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ጫማው የጠበበው፣ ወጡ ጨው የበዛበት፣ በመንገድ ላይ ሳለ የመሸበት ልጅ ሐሳቡን አስቀድሞ ያውቀዋል። የመምህሩ ሥራ «ጠበበኝ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ ወደ «ቱ» ማድረስ ነው።